በእማማ ደጃፍ ፈጥኖ ማለፍ

ሰቆጣ ውስጥ የፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን የሚያውቁት ተማሪዎቼ ብቻ ናቸው። የቀረው የከተማው ሰው "ያ የሚወዛወዘው" ብሎ ነው የሚያውቀኝ። አንድ ጊዜ ጓደኛዬ ከጎጃም ሊጠይቀኝ መጥቶ መናኸሪያው ላይ ስሜን እየጠራ ቢጠይቅ የሚያውቀኝ አጣ። ቢቸግረው "ጠዋት ጠዋት በፍጥነት የሚራመድ መምህር" ሲል ባጃጅ ነጂው ሳቅ ብሎ አሳፈረውና በሬ ላይ አምጥቶ አወረደው።

የምሠራው ስፖርት የእርምጃ ውድድር የሚባለው ነው። ሩጫ አይደለም፣ ተራ አካሄድም አይደለም። ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛው እግር ሁልጊዜ መሬት መንካት አለበት፤ ወደፊት ተዘርግቶ መሬት የረገጠው እግር ደግሞ ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም። እነዚህን አክብሮ መፍጠን የሚቻለው ዳሌን በማወዛወዝ ነው፤ ዳሌውን እያወዛወዘ መንገድ ለመንገድ የሚሄድ ጎልማሳ ደግሞ በዋግ ምድር ምን እንደሚባል መገመት አይከብድም። አንዱ ባጃጅ ነጂ አጠገቤ ሲደርስ ፍጥነት ቀንሶ፣ "መምህር፣ ግባና ሽንት ቤት ላድርስህ" ይለኝ ነበር። አንዲት ሴትዮ ከልባቸው አዝነውልኝ ለወገብ ፍቱን የሆነ ጸበል ጠቁመውኛል። ውድድር ገብቼ አላውቅም፣ ለመግባትም አስቤ አላውቅም። ኮሌጅ እያለሁ ሩጫ ጉልበቴን ሲያስቸግረኝ የስፖርት አስተማሪያችን ይህን አሳየኝ፤ ለሁለት ዓመት ያህል ሠራሁት፣ ሥራ ስይዝ ተውኩት።

እንደገና የጀመርኩት እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። እሷ የሞተችው ጎጃም ነው፣ እኔ የነበርኩት ሰቆጣ። መንገዱም ስልኩም የተዘጋበት ጊዜ ነበር። ስልኩ ሲመለስ ታናሽ እህቴ ደወለችና ደህንነቴን ጠየቀች፤ ከዚያ "እማዬ እኮ ካረፈች ቆየች" አለችኝ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሁለት ባልደረቦቼ ፈተና እያረሙ ነበር። እኛ አገር ሰው እንዲህ አይረዳም። ሊነጋጋ ሲል ደጁ ተንኳኩቶ፣ ወዳጅ ዘመድ ግራ ቀኝ ይዞት፣ እንዳይወድቅ ተደግፎ ነው መርዶውን የሚሰማው። እኔን የደገፈኝ ጠረጴዛ ነው። ለማንም ሳልናገር ወጥቼ ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ርዕሱ ስለ ፍትጊያ ነበር፤ ምን እንዳልኩ ግን አላስታውስም።

በማግስቱ መቀመጥም መተኛትም አቃተኝ። ሳይነጋ ከቤት ወጣሁና ወደ ወልድያ በሚያወጣው መንገድ መራመድ ጀመርኩ። ፈጠንኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ዳሌዬ የድሮውን አስታወሰ። ስመለስ ላብና እንባዬ ተቀላቅሎ ነበር፤ ደስ ያለኝም ይኸው ነው፤ ለሚያየኝ ሁሉ ላብ ነው።

እያደር ሥርዓት አበጀሁለት። ኢንተርቫል የሚባለውን ያዝኩ። አቅም እስኪያልቅ መፍጠን፣ ከዚያ ቀዝቀዝ ብሎ ትንፋሽ መሰብሰብ፣ ደግሞ መፍጠን ነው። ሰዓት አልይዝም ነበር፤ የምለካው በአገሩ ነው። ከከተማው ጫፍ ካለው ወፍጮ ቤት እስከ ድልድዩ እፈጥናለሁ፣ ከድልድዩ እስከ ትልቁ ግራር እቀዘቅዛለሁ፣ ከግራሩ ደግሞ ዳገቱን እስከ አንድ የድንጋይ ቤት ድረስ ያለ የሌለ ኃይሌን እሰጠዋለሁ። ቤቱ ለብቻው ነው፤ አጥሩ ቁልቋል፣ በረቱ ውስጥ ጥቂት ፍየሎች፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ሁለት ቀፎዎች። እዚያ ስደርስ ልቤ አፌ ላይ ነው። እጄን ወገቤ ላይ ጭኜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ አጥሩን ተከትዬ ቀስ እያልኩ እስከ መታጠፊያው እሄዳለሁ።

አንዲት አሮጊት እናት በዚያ ደጃፍ ሁልጊዜ ቆመው አገኛቸው ነበር። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ይቆማሉ፤ ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ባል የሞተባቸው መሰለኝ። "እንደምን አደሩ እማማ" እላለሁ ትንፋሼ እየተቆራረጠ። "እግዜር ይመስገን" ይላሉ፤ ሌላ ቃል አይጨምሩም። ዓይናቸው ግን ከአፌ ላይ አይነሳም። መታጠፊያው ጋ ደርሼ ዞር ስል አሁንም ቆመው ያዩኛል። እንደ ሌላው ሰው አካሄዴ አስገርሟቸው ነው ብዬ ተውኩት፤ እንዲያውም ስላልሳቁብኝ አመሰገንኳቸው።

ማሽላው ታጭዶ ባለቀ ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ከደጃፋቸው ስደርስ "ልጄ፣ ና እስቲ" አሉኝ። ቀረብኩ። ከበሩ አጠገብ ያለውን ድንጋይ አሳዩኝና ተቀመጥኩ። እሳቸው አልተቀመጡም። የሚናገሩት አማርኛ ረጋ ያለ ነው፤ በቤታቸው የሚነጋገሩት በኽምጣንጋ ስለሆነ ቃሉን መርጠው ነው የሚያወጡት።

"ስንት ጊዜህ ነው አሁን?" አሉኝ። "ሳይነጋ እየገሰገስህ ትመጣለህ። ደጄ ስትደርስ ጉልበት ይከዳሃል። አንገትህን ደፍተህ፣ ሰላም ብለኸኝ፣ ታልፋለህ። እኔም እንዳይጨንቅህ ብዬ ዝም አልሁ። አሁን ግን አቃተኝ። ተናገረውና ለሁለታችንም ይውጣልን።"

"ምኑን ነው የምናገረው እማማ?"

"የልጄን መርዶ ነዋ።"

እኔ ለሳንባዬ ብዬ የማደርገው ሁሉ በእሳቸው ዓይን ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዚህ አገር ሳይነጋ የሚገሰግስ ሰው መርዶ ነጋሪ ነው። የሚገሰግሰውም ሐዘንተኛው ከቤት ሳይወጣ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰማ ለመድረስ ነው። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ማንም ቀድሞ በሩን መንካት አይፈልግምና። እኔ ሥርዓቱን ሁሉ በትክክል ስሠራው ከርሜያለሁ፤ የጎደለኝ ቃሉ ብቻ ነበር። እሳቸው ደግሞ በወጣሁ ቁጥር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ተዘጋጅተው፣ ቆመው ሲጠብቁኝ ከርመዋል።

ልጃቸው አንድ ነው። እንደ ብዙው የዋግ ሰው ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረደ፤ ለጥምቀት እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ጠፋ። መንገዱ ሲከፈት የተመለሱ ነበሩ፤ እሱ ከእነሱ ውስጥ አልነበረም። "አየሁት" የሚልም፣ "የለም" የሚልም አልመጣም።

"እኔ መርዶ ነጋሪ አይደለሁም እማማ" አልኳቸው። "ልጅዎን አላውቀውም። የምሄደው ለጤና ነው።"

"ታመሃል?"

"የለም።"

"ታዲያ ጤናው ለማን ነው?"

ስፖርት መሆኑን አስረዳሁ። ተነስቼም አሳየኋቸው፤ ዳሌው እንዲህ፣ ጉልበቱ እንዲህ አልኳቸው። አዩኝ፣ አዩኝና በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረ። ክንዴን ጨብጠው ብዙ አለቀሱ። ሲረጋጉ ዓይናቸውን ጠርገው፣ "እንግዲያ ልጄ በሕይወት አለ" አሉ። እኔ እንደዚያ አላልኩም። ግን ማን ደፍሮ ያርማቸዋል።

ልሄድ ስል እጄን ሳይለቁ እንዲህ አሉኝ። "ከዛሬ ወዲያ ደጄ ላይ አትቀዝቅዝብኝ። እዚያ ማዶ ቀዝቅዝ፣ እዚህ ስትደርስ ግን ፈጥነህ እለፍ። ፈጥነህ ስታልፍ፣ ወሬ የለም ማለት ነው ብዬ ገብቼ ሥራዬን እሠራለሁ።"

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ዳገቱ ግን ዳገት ነው። ቀድሞ በራቸው ላይ የሚያልቅ ኃይሌን አሁን አጥሩን ጨርሼ እስከ መታጠፊያው ማድረስ ነበረብኝ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዓይኔ እየጨለመ ነው ያለፍኩት። አንድ ቀን በራቸው ላይ ባቴን ቁርጥማት ያዘኝ፤ ጥርሴን ነክሼ፣ ፊቴን ፈታ አድርጌ፣ "ደህና አደሩ እማማ" ብዬ አልፌ መታጠፊያውን እንደዞርኩ መሬት ላይ ተዘረርኩ። አንድ ፍየል ቀርባ አየችኝ። ማንም ባላየኝ ቦታ ነው የወደቅኩት፤ ኮራሁ።

እማማ ከዚያ በኋላም ይወጡ ነበር፤ ነጠላቸውን ግን አቅንተው ነው። ሕጉን ስለነገርኳቸው ደግሞ ዳኛዬ ሆኑ። በእርምጃ ውድድር ጉልበት ያጠፈውን የሚያስወጣ ዳኛ አለ ብዬ ነበር፤ ቃሌን ያዙት። ሳልፍ "ዛሬ ግራህ ታጥፏል" ይላሉ። ወይም "ቀኙ ነው፣ ቀኙን እይ" ይሉኛል። ዘጋቢ ካሜራ ይዞ ቢመጣ ከእሳቸው የተሻለ ዓይን አይኖረውም። ምንም ካላሉኝ ደህና ሄጃለሁ ማለት ነው፤ እንደዚያ ባለ ቀን ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ እንኳ ደስታዬን ያውቁብኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ አካሄዴን ልብ ብሎ የሚያይ ሰው አልነበረኝም።

ቀፎዎቹን ልጁ ነው የሰቀላቸው። ንቦቹ ሞልተው ይተማሉ፤ ማሩ ግን አይቆረጥም። አንድ ጊዜ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ አግኝቼ ስጠይቃቸው "ባለቤቱ ይምጣና ይቁረጠው" አሉኝ። የሰቆጣ ማር ነጭ ነው፣ ዋጋም አለው፤ እሳቸው ደግሞ በቤታቸው የተረፈ ነገር የላቸውም። ቁጣ ቁጣ እያለኝ ነበር፣ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም።

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ፣ የእማማ የንስሐ አባት ከአንድ የሰፈር ሽማግሌ ጋር ቤቴ መጡ። ከዚያ በፊት ደጄን ረግጠው አያውቁም። ገብተው ሲቀመጡ ፊታቸውን አይቼ ነገሩ ገባኝ።

እዚያው ዋግ ውስጥ ካለችው ዝቋላ የሆነ ሰው ገበያ መጥቶ ነበር። ከእማማ ልጅ ጋር አንድ እርሻ ላይ ሰሊጥ ያጨደ ነው። ልጁን ወባ ጥሎት፣ ሐኪም ሳይደርስለት፣ እርሻው ዳር ከነበረች ቤተ ክርስቲያን ቀብረውታል። ሰውዬው ራሱ አፈር መልሷል። ይህ የሆነው ልጁ በወረደበት በዚያው ወቅት ነው። እኔ በእማማ ደጃፍ ማለፍ ሳልጀምር፣ እናቴም ሳትሞት፣ እሱ ሞቶ ነበር። ፈጥኜ ያለፍኩበት ጠዋት ሁሉ ልጁ አፈር ውስጥ ነበር።

"ነገ ሆሳዕና ነው" አሉ አባ። "ከነገ ወዲያ ሕማማት ይገባል፤ በሕማማት ፍትሐት የለም። ትንሣኤንም በመርዶ አትፈስክም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሰኞ ጠዋት እናረዳታለን።"

"እስከዚያስ?" አልኩ።

"አንተን የፈለግንህ ለዚያ ነው። መንገድህን እንዳታቋርጥ። አንድ ቀን የቀረህ እንደሆነ ትጠረጥራለች፤ ከአንዱ አፍ ነጥቃ ብቻዋን ትሰማለች።"

"አባ፣ ይህ እኮ ውሸት ነው።"

"አንተ ምንም አትናገርም። እንደ ልማድህ ማለፍ ነው።"

"ማለፌ ነው እኮ ንግግሩ። እሳቸው የሚሰሙት እሱን ነው።"

አባ መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። "አውቃለሁ" አሉ። "ከዚህ የተሻለ ካገኘህ ንገረኝና እሱን እናድርግ።" አላገኘሁም። እስከ ዛሬም አላገኘሁም። ብቻ ሆኖ በስልክ መርዶ መስማት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁና፣ ሲሄዱ እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው።

በሕማማት ሳምንት ያለፍኳቸው ጠዋቶች ከዕድሜዬ የተቆረጡ ናቸው። ወደ ዳገቱ ስቀና እማማ በሩ ላይ ይታዩኛል፤ ነጠላቸው ቀንቷል። እግሬን አንስቼ አልፋለሁ፤ እግሬ "ወሬ የለም፣ ወሬ የለም" ይላል። ማክሰኞ ጠዋት ከኋላዬ ድምፃቸው ደረሰኝ። "ዛሬስ ምን ነካህ? ሁለቱም ታጥፈዋል።" ዞር ሳልል "ጾሙ ነው እማማ" አልኩ። እናም ያ በአፌ የዋሸሁት ብቸኛው ውሸት ነው፤ የቀረውን የዋሸሁት በእግሬ ነው።

ሐሙስ ዕለት በራቸው ላይ አልነበሩም። አንዱ ነግሯቸዋል ብዬ እየሰጋሁ አጥሩን ጨርሼ ስታጠፍ መታጠፊያው ጋ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እኔ ደጃፋቸው ላይ እንዳልቆም ስለተከለከልኩ፣ ሊያገኙኝ ብለው አጥሩን ተከትለው እዚያ ድረስ መጥተዋል። እጃቸው ላይ በእራፊ የተሸፈነ ጣሳ ነበር።

"ማሩን አስቆረጥሁት" አሉኝ።

"ባለቤቱ ይምጣ ብለው አልነበረም?"

"ሕልም አየሁ። በበሩ ጎንበስ ብሎ ሲገባ አየሁት። ለፋሲካ ሳይመጣ አይቀርም። ቢመጣ ባዶ ቤት እንዳይቆየው ብዬ ነው።" ጣሳውን ሰጡኝ። "ይህ ያንተ ነው፤ ትፈስክበታለህ። ደጄን በደህና ስታልፍልኝ የከረምህ አንተ ነህ።"

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ጉልበታቸውን መሳም አማረኝ፤ ብስም ግን ያውቁብኛል ብዬ ፈራሁ። "እግዜር ይስጥልኝ እማማ" ብዬ ሄድኩ። በፋሲካ ማግስት ጣሳውን ከፈትኩት፤ ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው። አልቀመስኩትም። መልሼ ከደንኩት።

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈና ሰኞ መጣ። ጎህ ሳይቀድ ወፍጮ ቤቱ ጋ ተሰበሰብን፤ አባ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ሦስት አራት የጎረቤት ሴቶች፣ ያ የዝቋላው ሰው። የዝቋላው ሰው ራሱን በጋቢ ሸፍኖ ከሁሉም ኋላ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን ገና አላዘቀዘቁም። አባ ቀደሙና ገሰገስን።

በዚያ መንገድ ከሰው ጋር ሄጄ አላውቅም ነበር። ድልድዩን በፍጥነት አለፍን። ግራሩ ጋ ስንደርስ የሁሉም እግር ቀዘቀዘ። ዳገቱ አልነበረም ያቀዘቀዛቸው፤ ቤቱ መታየቱ ነው። አንዱ ጫማውን ለማጥበቅ ጎንበስ አለ፤ አንዱ ሳለ። እኔ ከኋላ ልሆን ነበር የወሰንኩት። ግን ሰውነቴ ለዚያ ቦታ ሌላ ትምህርት አልነበረውም። ከግራሩ ጀምሮ መፍጠን ነበር የማውቀው። ሳላስበው ከመካከላቸው ወጣሁ፣ አባን ቀደምኩ፣ ዳገቱን ብቻዬን ይዤው ወጣሁ።

እማማ በሩ ላይ ነበሩ። ሰኞ የልምምዴ ቀን ነው። ገና ድንግዝግዝ ስለነበረ ከታች ያሉትን ሰዎች አላዩም፤ ያዩት እኔን ነው፣ በሚያውቁት አመጣጥ። ፊታቸው ፈታ ሲል አየሁት። ያን ጊዜ አንድ ነገር አሰብኩ። ዝም ብዬ ባልፍስ? አጥሩን ጨርሼ እስከ መታጠፊያው ብሄድ፣ ሌሎቹ ደርሰው እስኪናገሩ ድረስ ጥቂት ትንፋሽ ያህል ልጃቸው በሕይወት ይኖራል። ማለፍ ፈልጌ ነበር። በዕድሜዬ ያን ያህል የፈለግኩት ነገር የለም። በሩ ፊት ስደርስ ግን እግሬ ቀዘቀዘ።

እማማ አዩኝ። ፈገግታቸው ገና ከፊታቸው አልጠፋም።

"እለፍ" አሉኝ።

ቆምኩ።

"እለፍ፣ ልጄ።" ድምፃቸው ልመና ሆነ። "ጉልበትህ ቢታጠፍም ግድ የለኝም። እለፍልኝ።"

አንገቴን ደፋሁ። ከኋላዬ የሰዎቹ እግር ጠጠሩን ሲረግጥ ተሰማ። እማማ ቀና ብለው ወደ ዳገቱ አዩ፤ አባን አዩ፣ ሴቶቹን አዩ። ከዚያ ማንም አፉን ሳይከፍት ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ጫፉን ፈልገው አገላበጡና አዘቅዝቀው ለበሱት። ሴቶቹ ሮጠው ሲይዟቸው ነው ጩኸቱ የወጣው። አባ ሲያዘጋጁ የከረሙት ንግግር ነበራቸው፤ ቦታ አላገኘም።

ለቅሶው ላይ ከሰፈሩ ሰው ጋር ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ስቀመጥ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ይሁን በሌላ ቀን፣ እማማ ከሴቶቹ መካከል ሆነው ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ደክሟል። "አንተስ እናት አለችህ?" አሉኝ። እስከዚያ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

"የለችም እማማ። ሞታለች።"

"ማን አረዳህ?"

"በስልክ ነው የሰማሁት።"

"ማን ያዘህ?"

እማማ የእናቴን ስም ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ በልጃቸው ላይ የእሷን ስም ደርበው ማልቀስ ጀመሩ። ያላዩአትን፣ የማያውቁአትን እናቴን እየጠሩ፣ ልጇን ሰው አገር ትታ ስለሄደችው እናት አለቀሱ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ግራ ቀኝ ያዙኝ። እናቴ የተለቀሰላት ሰቆጣ ነው፤ እዚያ የድንጋይ ቤት በር ላይ፣ ስሟ በአንድ የዋግ ልጅ ስም ጎን ተጠርቶ።

አርባው እስኪያልፍ ወደዚያ መንገድ አልወጣሁም። ስመለስ ግራሩ ጋ ጥቂት ቆምኩና እንደ ልማዴ ፈጠንኩ። በሩን ሳልፍ እማማ ደጃፉ ላይ አልነበሩም። አጥሩን ልጨርስ ስል ከውስጥ ጠሩኝ። ተመለስኩ። ከል ለብሰው በረቱን እየጠረጉ ነበር፤ ቀና አላሉም።

"ከእንግዲህ በደጄ አትገስግስ" አሉኝ። "ደጄ ስትደርስ ቀዝቀዝ በል፣ ትንፋሽህን ሰብስብ። አሁንማ የምታመጣብኝ የለም።"

እንዳሉኝ አደርጋለሁ። ከግራሩ ጀምሬ እፈጥናለሁ፣ በራቸው ላይ ስደርስ እቀዘቅዛለሁ፤ እጄን ወገቤ ላይ ጭኜ፣ አንገቴን ደፍቼ አጥሩን ተከትዬ አልፋለሁ። "እንደምን አደሩ እማማ" ስል ከውስጥ "እግዜር ይመስገን" ይላሉ። ሊያዩኝ አይወጡም። ጉልበቴ ይታጠፍ አይታጠፍ አሁን የሚነግረኝ ሰው የለም።